መልአከ ኔትወርክ ከፋለ እና የእሑዱ መርዶ

በላስታ ምድር ስልኩን ከፊቱ አስቀድሞ የሚሄድ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሰርግ ቢሆን ከሙሽራው ቀድሞ ይገባል። ክርስትና ቢሆን ሕፃኑ ከውኃው ሳይወጣ ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ ሁሉ አይቶት፣ «አባቱን ይመስላል፣ አይመስልም» ብሎ ተከራክሮ ጨርሷል። እንዲህ ያለውን ሰው ሩቅ አገር ያሉ ሁሉ ይመርቁታል። አጠገቡ መኖር ምን እንደሚመስል ግን ባንችይርጋን መጠየቅ ነው።

ባንችይርጋ ላሊበላ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የእንጨት መስቀልና ሸማ ትሸጣለች። ጎረቤቷ አቶ ከፋለ የድሮ አስጎብኚ ናቸው። እንግዳ ሲጠፋ ሥራቸውን አዞሩት፤ ድሮ ላሊበላን ለመጣ ሰው ያሳዩ ነበር፣ አሁን ላልመጣ ሰው ያሳያሉ። ሰፈሩም ማዕረግ ሰጣቸው፤ መልአከ ኔትወርክ። ለቀልድ የተሰጠ ነው፤ እሳቸው ግን ሲጠሩበት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይቀበላሉ፣ ካባ የተደረበላቸው ይመስል።

መልአከ ኔትወርክ አንዲት ቃል አለቻቸው። ክንዳቸውን ሽቅብ ዘርግተው «ይታያል?» ይላሉ። ቄስ እየባረኩ ሳለ «አባታችን፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ» ብለው ያውቃሉ። አንድ ዓመት የገነተ ማርያም ታቦት ሲወጣ የኋሊት እየተራመዱ ሲቀርጹ፣ ከነፓወር ባንካቸው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው ሊያነሳቸው ሲሮጥ ከቦዩ ውስጥ «ይታያል?» ሲሉ ሰማቸው።

የየአገሩን የስልክ ጠባይ ያውቃሉ። ጀርመን ያለ ሰው ዝም ብሎ አይደወልለትም፤ መጀመሪያ «ልደውል ወይ?» ተብሎ ይጻፍለታል፣ እሱም ቀጠሮ ይሰጣል። ሪያድ ያሉት ልጆች ልብስ እየተኮሱ ድምፃቸውን በሹክሹክታ ቀድተው ይልካሉ። ቤይሩት ያሉት በኢሞ ነው፤ ማዳሟ ድንገት ስትገባ ስልኩ የዱቄት ዕቃ ውስጥ ይወሸቃል፣ አቶ ከፋለም ማዶ ሆነው ጨለማውን እያዩ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ባንችይርጋ ይህን ሁሉ ስትችለው ኖራለች። ሱቋ ደጃፍ ላይ ባላበጠረችው ፀጉር ተቀርጻ ካናዳ ድረስ ስትታይ እንኳ ችላለች። እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ማክሰኞ ሲያርፉ ግን መቻል አበቃ።

ምክንያቱም የፅናት ነገር አለ። ታናሽ እህቷ ፅናት ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከእሑድ በቀር ከደጅ አትወጣም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ አጠገቧ ኖሮ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገራት። በሰው አገር፣ በሰው ማድ ቤት፣ ድስት እያጠበች ብቻዋን የእናቷን ሞት መስማት የለባትም። ስለዚህ ባንችይርጋ እዚያው ቤይሩት ላለችው የደሴ ልጅ ለነጅሚያ መልእክት ላከችባት። ፅናት እሑድ እረፍት ስትወጣ የወሎ ሴቶች ነጅሚያ ቤት ተሰብስበው ያረዷታል። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ ተባለ።

በቀብሩ ላይ ባንችይርጋ ቀና ስትል ከካህናቱ ጥላ በላይ ያችን ስልክ አየቻት። አልጮኸችም። ሰውን እየከፈለች ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ ከፋለ፣ እናቴ ትርኢት አይደለችም። ያስገቡት።»

አስገቡት። ግን ረፍዶ ነበር። ምስሉ ጀርመን ደርሷል። እዚያ ያለው የአክስቷ ልጅ የወይዘሮ ብርቄን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አውጥቶ አጠገቡ አንድ የበራች ሻማ አደረገ፤ አንድም ቃል ሳይጽፍ። በዚያ አገር ሐዘን እንዲህ ነው አሉ፤ ሻማ ይለጠፍና ሥራ ይገባል።

ሐሙስ ነጅሚያ ደወለች። ፅናት ሻማውን አይታዋለች፤ ከከፋለ ጋርም ስታወራ ነው የዋለችው።

ባንችይርጋ «ነገሯት!» ብላ ከሐዘን ምንጣፏ ተነሣች። ሐዘንተኛ ለቅሶ ቤቱን ትቶ በጠራራ ፀሐይ አይወጣም፤ ሴቶቹ ነጠላዋን ይዘው ሊያስቀምጧት ሞከሩ። ነጠላውን ለቀቀችላቸውና ወጣች። በሕይወቷ ተናግራ የማታውቀውን ስድብ በመንገድ ላይ አንድ በአንድ አዘጋጀች። ማዕረጉንም ልትገፍፋቸው ነው። የአቶ ከፋለን አጥር ስትዞር ግን እግሯ ቆመ።

መልአከ ኔትወርክ ባዶ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ለለቅሶው የለበሱት ጥቁሩ ሸሚዛቸው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የለበሱት የዓመት በዓል ነጩን ነው። ሁልጊዜ ሽቅብ የሚዘረጋው ክንዳቸው ተሰብስቦ፣ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር አድርገውታል። ከፊታቸው በቀር ምንም እንዳይታይ።

«ታዲያ ሻማውን ለምን አደረገበት?» አለ የፅናት ድምፅ። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ። ልጁ ያለው ጀርመን አይደለም እንዴ? እዚያ ሻማ የሚበራው ለልደት ነው። የእናትሽን ልደት ማክበሩ ነው።»

«እማዬ መቼ እንደተወለደች መች ታውቅና?»

«እሱ ቀን አወጣላቸዋ። ፈረንጅ አገር ያለ ልደት አይኖርም።»

ፅናት ሳቀች። እንደ ልጅነቷ፣ አፍንጫዋን እየነፋች። ባንችይርጋ አጥሩን ያዘች። ፅናት ከእናቷ ጋር እንዲያገናኟት ስትለምን፣ አቶ ከፋለ እናትሽ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሱባኤ ገብተዋል አሏት፤ ስልክ እዚያ አይገባም፤ እሑድ ነጅሚያ ቤት ስትሄጂ ቤተሰቡን ሁሉ አሳይሻለሁ አሏት። ስልኩ ሲዘጋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በነጩ እጅጌ ሸፈኑ። ቀና ሲሉ ባንችይርጋን አዩ።

«የቀብሩን ምስል ጀርመን የላኩት እርስዎ ነዎት» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እና?»

«እና እስከ እሑድ እዋሻለሁ። ማዳሟ ዘወር ባለች ቁጥር ትደውላለች፤ ካላነሣሁ ይገባታል።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አቶ ከፋለ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውን አጸዱ፣ ፈገግ አሉ፣ አነሡት። ባንችይርጋ ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ ይዛ ተመለሰች። ንዴቷ ግን አልበረደም። እሳቸው ባይልኩት ሻማ የለ፣ ሻማ ባይኖር ውሸት የለ። ሰው በእጁ ያነደደውን ሲያጠፋ ቢውል ሊመሰገን ነው? ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ አርብንም ቅዳሜንም ይህንኑ አሰበች።

እሑድ ረፋድ ላይ ነጅሚያ ደወለች። ከቃሏ በፊት የፅናት ጩኸት መጣ፤ ከጩኸቱም ጀርባ የብዙ ሴቶች ድምፅ፣ «ያዟት፣ ያዟት» የሚል። ይዘዋታል። የእስልምናም የክርስትናም ልጆች ከግራ ከቀኝ ይዘዋታል። ባንችይርጋ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።

ቆይቶ የፅናት ድምፅ ተመለሰ። ቤቱን አሳዩኝ አለች። ለቅሶውን አሳዩኝ፣ እማዬ ትተኛበት የነበረውን መደብ አሳዩኝ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንችይርጋን ተመለከተ። አቶ ከፋለ ጥቁራቸውን ለብሰው በር አጠገብ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ከኪሳቸው ርቆ። በቀብሩ ዕለት ከተነገራቸው ወዲህ በዚህ ቤት ስልክ አውጥተው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ያውጡት» አለች ባንችይርጋ።

ተነሡና ክንዳቸውን ዘረጉ። ምንጣፉን አሳዩ፣ ሐዘንተኛውን አንድ በአንድ አሳዩ። ወደ ውስጥ ገብተው መደቡን አሳዩ፤ ወይዘሮ ብርቄ አጣጥፈው የተዉት ነጠላ እንዳለ ነበር። ስልኩን እዚያ ላይ አቆሙት። ያች ቃላቸው ከአፋቸው አልወጣችም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ክንዳቸው መራድ ጀመረ፣ ቤይሩት ላይ መደቡ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ባንችይርጋ ተከትላቸው ገብታ ነበር። ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ አሁንም እንደተቆጣች ነው። ከሥር ክርናቸውን በመዳፏ ደገፈችና ምስሉ እስኪረጋ ያዘችው።

«ይታያል?» አለች፣ በእሳቸው ፈንታ።