ሳይላላ በቀለም

የጎማ ብሎን ማጥበቅ ጥበብ አይባልም፤ የጉልበት ሥራ ነው። ጥበብ ማለት ብሎኑን ሳይነኩ ጎማውን ማጽደቅ ነው። ይህን ታላቅ እውነት ለሰው ልጅ ያበረከተው የከተማዋ የተሽከርካሪ ደህንነት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ውለታውን ከሹፌሮች በቀር ማንም በቅጡ አልቀመሰውም።

ቀድሞ፣ ሰዉ ገና ባልሠለጠነበት ዘመን፣ መርማሪዎቹ ብሎኑን በመዶሻ እያንኳኩ፣ በመፍቻ እያጠበቁ፣ እስከ ክርናቸው ግራሶ ተለቅልቀው ይውሉ ነበር። አዲሱ ኃላፊ ከሥልጠና ሲመለሱ ይህን አይተው ከልብ አዘኑ። ወዲያው የጠበቀ ብሎን ሁሉ ቢጫ ቀለም እንዲቀባ አዘዙ። ብሎኑ ሲላላ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ መንገደኛም ቢሆን አይቶ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ደግሞ ንግግር ይፈልጋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው» አሉ ኃላፊው በስብሰባው ላይ። «እኛ ደግሞ ሳይላላ በቀለም እንላለን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አንድ መስኮት ከነፍሬሙ ወለቀ፤ እሱ ቀለም አልተቀባም ነበር።

ቀለም ቀቢ ተቀጠረ። ብሎን አጥባቂው ጡረታ ሲወጣ በቦታው ሁለተኛ ቀለም ቀቢ ተቀጠረ። ቀጥሎ መመሪያ ወጣ፦ ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም ተልጦ የተገኘበት ሹፌር በቸልተኝነት ይጠየቃል። መመሪያው የዘነጋት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ብሎን ሲጠብቅም ቀለሙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሹፌሮች መፍቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበር ሥር አስቀመጡ፤ እጃቸውንም ሰበሰቡ። መንገዱ ግን መመሪያ አያነብምና ቀለሙ መሰንጠቁን ቀጠለ። ጽሕፈት ቤቱ ለችግሩ መፍትሔ አላጣም፤ ቢጎትቱት የሚለጠጥ፣ ቢዘሉበት የማይሰነጠቅ ወፍራም ቀለም አስመጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም የተሰነጠቀ ቀለም አልታየም። ያልተሰነጠቀ ቀለም ካለ የላላ ብሎን የለም፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህ በረከት ዋናውን ድርሻ ያገኘው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሰውየው ኩሬ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ የጎማውን ብሎኖች ሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። ጽሕፈት ቤቱ ትጋቱን አይቶ «ምሳሌያዊ ሹፌር» ብሎ ሰየመውና ሙሉ ደረቱን ፎቶ አነሣው። አንዱ ፎቶ ኃላፊው ቢሮ ተሰቀለ። ሁለተኛው እሱ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ የሠርግ ፎቶው በነበረበት ሚስማር ላይ ዋለ። የሠርጉ ፎቶ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ሰዉ ሁሉ «ምሳሌ» ይለው ጀመር፤ ሚስቱ ግን በዚህ ስም የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

ሚስቱ ታችኛው ከተማ የልብስ ሱቅ አላት። ሁልጊዜ ጋቢና ተቀምጣ አብራው ትወርዳለች፤ ታዲያ አንድ ቀን ጆሮዋን ቀሰረች።

«አንተ፣ የፊት ግራው ጎማ ቀጭ ቀጭ ይላል።»

«ጠጠር ገብቶበት ነው።»

«ይሄ ጠጠር ከትናንት ጀምሮ አብሮን የሚሳፈር ነው?»

«የጸደቀ ጎማ እኮ ነው፣ ሴትዮ! ቀለሙን አላየሽም?»

«እኔ የምሰማው በጆሮዬ ነው። ጆሮ ቀለም አያይም። ውረድና አጥብቀው።»

«ምሳሌያዊ ሹፌር ብሎን ሲያጠብቅ ሰው ቢያየኝስ?»

«እንግዲያው የላላው የጎማው ብሎን ብቻ አይደለም» አለች፣ ጣቷን ጆሮ ግንዷ ላይ እያሽከረከረች።

ምሳሌ ሱቋ ካደረሳት በኋላ ጎንበስ ብሎ አንዱን ብሎን በጣቱ ሞከረው። ብሎኑ ከነቀለሙ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረለት። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ገደሉም ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ቢያጠብቅ ፎቶው ይወርዳል፣ መንጃ ፈቃዱም ይሄዳል፤ ባያጠብቅ ጎማው ይሄዳል፣ እሱም ይከተለዋል። ያለው አማራጭ አንድ ነው ብሎ አሰበ፤ ፈቃድ መጠየቅ።

ኃላፊው ቢሮ ገብቶ እጅ ነሣ።

«ክቡር ኃላፊ፣ የፊት ጎማዬ ይንቀጫቀጫል። ላጠብቀው ቢፈቀድልኝ ብዬ ነው።»

«ቀለሙ ተሰንጥቋል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲያው አልላላም።»

«በጣቴ ስሞክረው ይዞራል እኮ፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሡ። «ነካኸው?»

«ትንሽ ብቻ።»

«ቀና በልና ያንን ፎቶ እየው። ያ ሰው ብሎን የሚነካ ይመስልሃል?»

ምሳሌ ቀና ብሎ አየ። እውነትም አይመስልም። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ጎማ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የረሳ ነው የሚመስለው።

«ደግሞ ነገ የጎማ ደህንነት ቀን ነው» አሉ ኃላፊው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «የበላይ ኃላፊው ታችኛው ከተማ አደባባይ ላይ ይጠብቁናል። እኔ በቢሮው መኪና ከፊት፣ አንተ ከኋላዬ፣ ሌሎቹ ከኋላህ ሆነን በሰልፍ እንወርዳለን። ዋንጫም አለ።»

ዋንጫ የሚለው ቃል የቀጭ ቀጩን ድምፅ ከምሳሌ ጆሮ አጠፋው። ቤቱ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ሲናገር ሚስቱ አንድም ቃል አልመለሰችም። ሚስት ዝም ስትል ብልህ ባል ይደነግጣል፤ ምሳሌ ግን ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ እያሰበ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መኪናው ሲሄድ ጋቢናው ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ቀረብ ብሎ ሲያይ ራሱ ነው። ሚስቱ ፎቶውን ከሳሎን አውርዳ የእሷ ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች፣ ቀበቶም አሥራለታለች።

«እኔ በአውቶቡስ እወርዳለሁ» አለችው ቦርሳዋን አንግታ። «አንተ ከምትወደው ሰው ጋር ሂድ።»

ሰልፉ ተነሣ። ኃላፊው ከፊት በሚያብረቀርቅ የቢሮ መኪና፣ ምሳሌ ከኋላቸው ከፎቶው ጋር። በሜዳው መንገድ ላይ ሁለቱ ምሳሌዎች ደህና ተጓዙ። የቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጭ ቀጩ ወደ ቋ ቋ ተለወጠና መሪው እጁ ላይ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ምሳሌ ወደ ጎን አየ። ፎቶው ይስቃል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እየነጠረ ይስቃል። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣበትና ጀርባውን ላብ አጠመቀው፤ ለቀብሩ ሌላ ፎቶ መፈለግ እንኳ አያስፈልግም፣ ከነፍሬሙ ተዘጋጅቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ምሳሌ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም።

«ከመሞት መሰንበት» አለና ፍሬኑን ረገጠ።

መፍቻውን ከነጨርቁ ከወንበር ሥር አወጣ። የመጀመሪያውን ብሎን ሲያጠብቅ ቢጫው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ እጁ ላይ ቀረ፤ እንደ ሽንኩርትም አስለቀሰው። ኃላፊው በመስታወት አይተውት ኖሮ መኪናቸውን አስቁመው እየሮጡ መጡ።

«ምን እያደረግክ ነው?!»

«እያጠበቅኩ ነው፣ ጌታዬ።»

«በአደባባይ?!»

«ጎማው ያለው አደባባይ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«በደህንነት ቀን ደህንነትን ትነካለህ!» ኃላፊው ጣታቸውን ቀሰሩበት። «ከአሁን ጀምሮ ምሳሌ አይደለህም። ምሳሌነትህ ተሽሯል። ሌላውን ታች እንነጋገራለን!»

መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን በኃይል ዘጉት። ሌሎቹ ከባድ መኪኖችም ተራ በተራ አለፉት፤ ሹፌሮቹ ራቁቱን የቆመ ሰው እንዳዩ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። የቀድሞው ምሳሌ አንዴ ኃጢአት ውስጥ ከገባ አይቀር ብሎ የፊቱንም የኋላውንም የተሳቢውንም ጎማ አንድ በአንድ አጠበቀ። የሚገርመው፣ እያጠበቀ ያፏጭ ነበር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ስለ ኃላፊው መኪና የተነገረ አይደለም፤ የእሳቸው ከመነሻውም አልታጠቀም። ከሁለተኛው ጠመዝማዛ በኋላ አንድ ጎማ ከጎናቸው ብቅ ብሎ ቀደማቸው።

«ይሄ ጎማ የማን ነው? ያለ መኪና የሚሄድ!» ብለው ጮኹ።

«የእኛ ነው፣ ጌታዬ» አላቸው ሹፌራቸው፣ መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አፈር እየጠመዘዘ። ቆሙ። ከድንጋጤ በቀር ማንም አልተጎዳም።

ጎማው ግን ቀጠሮውን አክብሮ ወረደ። አደባባዩ ላይ ስትጠብቅ የነበረችው የቀድሞው ምሳሌ ሚስት ሁሉን አይታለች። ጎማው ሕዝቡን ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ የሙዚቃ ጓዱን አስዘልሎ፣ መድረኩ ፊት ሦስት ጊዜ ዞረና ጋደም አለ። ብሎኖቹ በወፍራሙ ቀለም ከቸርኬው ጋር ተጣብቀው አብረውት ወርደዋል። ቀለማቸው ንክች አላለም። የበላይ ኃላፊው ትርዒት መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ።

«ሌላው ጎማን በመኪና ያስኬዳል!» አሉ በድምፅ ማጉያው። «እኛ ግን ያለ ሹፌር፣ ያለ መኪና፣ ያለ ምንም ቸልተኝነት አስኬድነው! ቀለሙን ተመልከቱ!»

ዋንጫውን ቸርኬው መሐል አስቀመጡለት።

በዚያው ሰዓት ኃላፊው ሦስት ጎማ ከቀረው መኪናቸው አጠገብ ቆመው ነበር። የሰልፉ መኪኖች አንድ በአንድ እየቆሙ «ይግቡ፣ ጌታዬ» ይሏቸዋል። ኃላፊው ጎንበስ ብለው የየመኪናውን ጎማ ያያሉ። ቢጫ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል።

«እናንተ ሂዱ፤ እኔ እግሬን ላፍታታ» ይላሉ።

በመጨረሻ የቀድሞው ምሳሌ ደረሰ። ኃላፊው ግራና ቀኝ አዩ። ሹፌራቸው ጎማውን ፍለጋ በእግሩ ቁልቁል ወርዷል፤ መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ቀለሙ የተላጠው መኪና ይሄ ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ዘለው ገቡ። ወንበሩን የያዘውን ፎቶ ከቀበቶው ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ ቀበቶውን ለራሳቸው አሠሩት። ጥቂት እንደሄዱ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ።

«ምንም አይሰማም።»

«ጠብቋል፣ ጌታዬ።»

«ዝም በል፤ አልነገርከኝም።»

አደባባዩ እንደደረሱ ኃላፊው ፎቶውን ታቅፈው ወረዱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ዋንጫ የተሸለመውን ጎማቸውን አዩና ወዲያው ወኔያቸው ተመለሰ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ።

«ይህ ሰው» አሉ ወደ ሹፌሩ እያመለከቱ፣ «የጎማውን ቀለም ሁሉ ልጦ የተገኘ ወንጀለኛ ነው! ሕግ ሕግ ነው! ለአንድ ዓመት ከመንዳት ታግዷል!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ፤ ለዋንጫው ሳይሆን ለመንጃ ፈቃዱ ከልቡ አዘነ። ሚስቱ ከሕዝቡ መሐል ወጥታ መጣች። መጀመሪያ የተላጡትን ጎማዎች እየዞረች አየች። ከዚያ ባሏን አየችውና ፈገግ አለችለት፤ የሠርግ ፎቷቸው ላይ ያለው ፈገግታ ነበር። ቀጥላ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ፤ እገዳው የሚጀምረው ከመቼ ነው?»

ኃላፊው ቀና ብለው ዳገቱን አዩ። በመስመር የቆሙትን ባለ ቢጫ መኪኖች አዩ። ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርገው ጠጋ አሉና፦

«ቤቴ ካደረሳችሁኝ በኋላ» አሏት በሹክሹክታ።

ከኋላቸው የሚጠራረግ ጉሮሮ ተሰማ። የበላይ ኃላፊው ነበሩ።

«እህቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጋቢናው ስንት ሰው ይይዛል?»

ሚስትየዋ ኃላፊው ብብታቸው ውስጥ ወደያዙት ፎቶ አየች።

«ይሄ ሰውዬ እዚሁ ከቀረ» አለች፣ «ተጠጋግተን እንበቃለን።»