«ምንም አይልህም» ባዩ መሐንዲስ

ከቋንቋችን አባባሎች ሁሉ ብዙ አጥንት ያሰበረው «ምንም አይልህም» የሚለው ነው። ጠላት እንዲህ ብሎ አያውቅም። እንዲህ የሚለው ጓደኛ ነው፤ በየሰፈሩም አንድ አይጠፋም። ሐሳቡ ሁልጊዜ የእሱ፣ የሚላጠው ጉልበት ደግሞ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው።

የእኛ ሰፈሩ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበር። በዕድሜ ከሁላችንም ከፍ ስለሚልና አንድ የዛገ ፒንሳ ስለነበረው፣ ማንም ሳይሾመው ዋና መሐንዲስ ሆነ። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ነፍሴን ደጋግሜ በእጃቸው ስላስቀመጥኩ ይገባቸዋል።

ክቡር መሐንዲሱ አንድ ቀን ከጣውላና ከጋራዥ ከተጣለ ኩሽኔታ ጋሪ ሠሩ። ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

«ፍሬኑስ?»

«እግርህ ምን ይሠራል?»

«ጫማዬ ቢቀደድስ?»

«ኧረ አታካብድ! ውጣ፣ ምንም አይልህም።»

የሚገፋኝ ልጅ መደቡና፣ እንደ ማንኛውም አለቃ፣ ሥራውን ከሩቅ ለመቆጣጠር ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት ግርጌ ወረዱ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እናቴን እየጠራሁ ተከተልኳቸው። ጋሪው አንድ ለስለስ ያለ ነገር መትቶ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ መሐንዲሱ አጠገቤ ወድቀዋል፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አላልኩህም?» አሉ በጣቶቻቸው መሃል።

በማግስቱ የፊት ጥርሳቸው ጫፍ ጎድሎ ታየ። ለእናታቸው «በር መታኝ» አሉ፤ እኛም አመንን።

ቀጥሎ የእናታቸውን ጃንጥላ አስይዘው ከአጥር ላይ አዘለሉኝ። ጃንጥላው ገና አየር ላይ ተገለበጠ። ያረፍኩት እሳቸው ላይ ነው፤ «መውረጃዬ ላይ ምን ትገተራለህ?» ብዬ ተቆጣኋቸው። ከዚያ የጭነት መኪና ጎማ መጣ። እንደ ልብስ አጣጥፈው ውስጡ ከተቱኝና አስገፍተው አንከባለሉኝ። ጎማው የቆመው እናታቸው ያሰጡት ልብስ መሃል ገብቶ ነው።

«አንተ የኔ ጉድ! የሰው ልጅ ልትጨርስ ነው?» ብለው ወጡ እናታቸው።

«እማዬ ትሙት፣ ምንም አላለውም!»

እኔ ግን የደንበኛ ቀሚስ ተጠምጥሞብኝ እያስመለስኩ ነበር።

ታዲያ እሳቸው አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም። «ፈሪ!» ስንላቸው፣ «እኔ ከተሳፈርኩ ታች ማን ይቆማል?» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ የፈሪ ምክንያት ሰምተን ስለማናውቅ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ኋላ እናታቸው ቤት ቀየሩ፤ ሰፈሩም ሰላም አገኘ። አሰልቺ ሰላም።

ባለፈው ሳምንት ትርፍ አንጀቴ ታመመና ቀዶ ጥገና ታዘዘልኝ። ብቻዬን የምኖርና መጽሐፍ ማንበብ የማበዛ ሰው ስለሆንኩ፣ ከማደንዘዣ ሳይነቁ ስለቀሩ ሰዎች ከሚገባኝ በላይ አንብቤያለሁ።

«ዶክተር፣ ነገ ቢሆንስ?»

«ነገማ ይፈነዳል» አሉኝ፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው።

አልጋው ላይ ተንጋልዬ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ወደ ውስጥ ሊገፉኝ ሲሉ ማደንዘዣ ሰጪው መጣ። አፍና አፍንጫው ተሸፍኗል። ጎንበስ ብሎ፣

«ምንም አይልህም» አለኝ።

ከአልጋው ልወርድ አንድ እግሬን አወጣሁ። ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ።

«አንተ! የጋሪው!»

መሸፈኛውን ዝቅ አደረጉት። ጫፉ የጎደለው ጥርስ እንዳለ አለ።

«እግርህን አስገባ፤ አሁን ፍሬን አለው» አሉኝ እየሳቁ።

«አንተስ የት ልትሆን ነው?»

«የት እሄዳለሁ? እራስጌህ ነኝ። እኔ ከተኛሁ ማን ይቆማል?»

ያን ጥርስ ትኩር ብዬ አየሁት። ምን በር ነው እንደዚህ የሚመታ? ቁልቁለቱ ግርጌ በር አልነበረም። የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው። አጥሩም ሥር እንደዚያው። ስንት መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ይህን ለማወቅ ትርፍ አንጀቱ መታመም ነበረበት።

እግሬን አስገባሁ። መንገጫገጩም ተወኝ። ዓይኔን፣ እንደ ልማዴ፣ ጨፍኜ የእንቅልፉን ቁልቁለት ወረድኩ።

ስነቃ ምላሴ ደርቋል፣ ሆዴ ይጠዘጥዛል፤ ግን አለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ያንን ጥርስ ነው።

«አላልኩህም?» አሉ።

ብለውኝ ነበር።