የትርንጎ ሠርግ በአንዲት ዲስክ

ለሠርግ ያልጠራችሁት ሰው ይቀየማል፤ ግን ይታረቃል። «በሞትኩት፣ ረስቼሽ ነው!» ትላላችሁ፣ ሽማግሌ ትልካላችሁ፣ ሲብስም ድንጋይ ተሸክማችሁ ደጇ ትቆማላችሁ፣ ያልፋል። መጥታ የበላችውን፣ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ የጨፈረችውን፣ ከዚያ ከሠርጉ ፊልም ላይ የተቆረጠችውን ግን በምን አፋችሁ ትታረቋታላችሁ? «አልነበርሽም» ማለት እኮ ነው። ነበረች! ጠላውን ማን ጠጣው ታዲያ?

ይህን የተማርኩት ጌጡ ቪዲዮ ቤት ነው። ጌጡ ሠርግ ይቀርጻል፤ የሱ ሱቅና የኔ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስለዚህ በጆሮዬ አትፍረዱ።

የትርንጎን ሠርግም የቀረጸው እሱ ነው። ትርንጎ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት ያሳደገቻት ወገል ጤና ከተማ ያለችው አክስቷ እርጎዬ ናት፤ የተዳረችው ግን እዚህ ላሊበላ፣ አባቷ ቤት ነው። ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው እርጎዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ያሳደገቻትን ልጅ ሙሽራ ሆና ሳታያት አልጋ ላይ ቀረች። ትርንጎ «ሄጄ ልያት» ብላ ነበር፤ አማቷ እትዬ ሙሉ ግን «ሙሽራ ከጫጉላዋ ሳትወጣ መንገድ አትሄድም» አሉ። ደንቡም ነው። በሷ ፈንታ ፊልሙ ይሂድ ተባለ። አንድ መምህር ወደዚያው ሊሄዱ ነውና ዲስኩ ከስድስት ሰዓቱ መኪና በፊት መድረስ ነበረበት።

ዲስኩ ግን እምቢ አለ። ጌጡ ያስገባል፣ አረንጓዴዋ መስመር ቀስ እያለች ትሳባለች፣ ልትጨርስ ስትል ቀጥ! ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ያ ዲስክ ከዚያ ወዲያ የመስታወት ያህል እንኳ አይረባም። ጌጡ መጀመሪያ «ቆሽሾ ነው» አለና በነጠላዬ ጫፍ ጠረገው። ቀጥሎ «መብራቱ እያነሰ ነው» አለ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሞቆ ነው ብሎ እኔን በሰፌድ አስራገበኝ። አራገብኩ፤ ምን ላድርግ፣ ወጥቼ ነገር ከሚያመልጠኝ ክንዴ ይዛል። አራት ዲስክ አበላሸን። የቀረችው አንዲት ናት፤ በከተማውም ሌላ የለም። ያን ጊዜ ገና ቀዩን ጽሑፍ ቃል በቃል አነበበና ራሱን ያዘ።

«ዲስኩ የሚይዘው ሁለት ሰዓት ነው። ፊልማችሁ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው!»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኛ። ሰሞኑን ሰፈሩ በሙሉ እየገባ «እኔን እንዳትቆርጠኝ!» እያለ ሲያስምለው ነበር የሰነበተው። እኔም አስምዬዋለሁ።

«እሺ፣ ማን ይውጣ?» አለ ጌጡ።

እትዬ ሙሉም ምራታቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበሩ። «የመሪጌታ ምርቃት ብቻውን ሩብ ሰዓት ነው» አልኩ።

«ምርቃት ይቆረጣል እንዴ? ልጆቹ መውለድ ቢያቅታቸው ትጠየቂያለሽ!» አሉ እትዬ ሙሉ።

«እሺ፣ የእርስዎ እስክስታ ይጠር።»

«ቤተ ማርያምን አያጥርም! ይልቅ አንቺ ስትበዪ የሚታየው ይቀነስ፤ እሱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይወጣዋል።»

ሰፌዱን አንስቼ ማራገቤን ቀጠልኩ።

አምስት ሰዓት አለፈ። አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ትርንጎ ድንገት «እኔን ቁረጠኝ» አለች።

«ምን?»

«ስወጣ፣ ስቀመጥ፣ ኬክ ስቆርስ፣ ሁሉንም አውጣው። እርጎዬ መልኬን ታውቀዋለች። የማታውቀው ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ነው። እንግዶቹ ይቅሩላት።»

አቤት አስተዋይ ልጅ! ሁላችንም አመሰገንናት። «ኧረ አይሆንም» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጌጡ ቆረጣት። ሙሽራው ከማን ጋር እንደተጋባ የማይታወቅ ፊልም ሆነ፤ መስመሯ ግን ጥግ ነካች። መምህሩ መኪናው ላይ ሳይወጡ ሮጬ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ መምህሩ ተመለሱና የእርጎዬን መልእክት ለእትዬ ሙሉ እንዲህ አደረሱ፦ «ፊልሙን አየሁ። እንግዳው ሁሉ ደህና ነው፤ የእርስዎም እስክስታ ግሩም ነው። ልጄን ግን ፈልጌ አጣኋት። ታማ ነው? የሆነችውን አትደብቁኝ።»

የእትዬ ሙሉ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ያ ሁሉ ደቂቃ፣ የልጂቱ ፊት ግን አንዴም! እሳቸውም «በሉ መኪና አሳፍሯትና ሄዳ ትያት» አሉ፤ ጫጉላውም ደንቡም ቀረ።

በማግስቱ ትርንጎ ቬሎዋን በፌስታል ይዛ መኪና ጠበቀች። ጠጋ ብዬ፣ «ልጄ፣ ያን ቀን ቁረጠኝ ያልሽው አስበሽበት ነው?» አልኳት።

«ምኑን፣ እትዬ?» አለችና ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሳበችው።

ብትስቅም አላየሁ፣ ብታለቅስም አላየሁ።