ኩርባው ላይ የሚቆመው ሰው

ኸይሩ፦ ቁም አልኩህ! ወዴት ነው የምትሮጠው?

ሙጂብ፦ ወድቀሃል እኮ!

ኸይሩ፦ የወደቅኩት ለትምህርት ነው።

ሙጂብ፦ ለትምህርትም ይሁን ለሌላ፣ ወድቀሃል። የወደቀ ሰው ደግሞ ይነሳል።

(ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ጨፋ በሚባለው ሜዳ፣ ማሽላ የታጨደበት ማሳ ላይ ናቸው። ነገ እዚህ የሞተር ውድድር አለ። አዳማ ሄዶ የአደጋ መከላከል ሥልጠና የወሰደው ኸይሩ ነው፤ ኩርባው ላይ የሚቆመውን ሰው የሚመርጠውም እሱ። ባጃጅ ነጂው ሙጂብ ያንን ቦታ አጥብቆ ፈልጎታል፤ ታናሽ ወንድሙ አብዱልጀባር ይወዳደራላ። እናቱም "ዓይንህን ከሱ ላይ እንዳትነቅል" ብላዋለች። ግን ምን ያደርጋል፣ ከጠዋት ጀምሮ ኸይሩ ለማስተማር በወደቀ ቁጥር ሙጂብ እየሮጠ ያነሳዋል።)

ኸይሩ፦ ስማኝ፤ ተወዳዳሪው ወደቀ እንበል። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?

ሙጂብ፦ "ያ ረቢ!" እላለሁ።

ኸይሩ፦ ከዚያስ?

ሙጂብ፦ ጫማዬን ጥዬ እሮጣለሁ።

ኸይሩ፦ አትሮጥም! እንካ፣ ይቺን ቢጫ ባንዲራ ታውለበልባለህ። ከኋላ የሚመጡት አይተው ፍጥነት እንዲቀንሱ።

ሙጂብ፦ ሰው መሬት ላይ ተዘርግቶ እኔ ጨርቅ ላወዛውዝ? ከሰንበቴ ገበያ የሚመለስ ሰው ቢያየኝ ሙሽራ የምቀበል ይመስለዋል።

ኸይሩ፦ ይምሰለው!

ሙጂብ፦ ውሃስ?

ኸይሩ፦ ውሃ የለም።

ሙጂብ፦ ሄልሜቱን አውልቄ ላናፍስለት?

ኸይሩ፦ አንገቱን ልትቀነጥሰው ነው? ሄልሜት የሚነካው ሐኪም ብቻ ነው።

ሙጂብ፦ ዱዓስ?

ኸይሩ፦ ዱዓ ይፈቀዳል። ባንዲራውን እያውለበለብክ።

ሙጂብ፦ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ነገር ተፈቀደልኝ።

ኸይሩ፦ አንተ ሆደ ቡቡ ነህ። ኩርባ ላይ የሚቆም ሰው ድንጋይ መሆን አለበት። እኔን እይ! አባቴ ቢወድቅ ከዚህች መስመር ንቅንቅ አልልም። በቃ፣ አንተ ነገ መኪና ማቆሚያ ትጠብቃለህ። መኪና ቢወድቅ እንኳ አታነሳውም።

ሙጂብ፦ ኸረ አቦ! እማዬን ምን እላታለሁ?

ኸይሩ፦ "ድንጋይ መሆን አቃተኝ" በላት።

(የሞተር ጩኸት። አብዱልጀባር ለልምምድ እየከነፈ መጣ፤ ከኋላው ሌላ ሞተር ይከተለዋል። ኩርባው ላይ ጎማው ከዳውና ሞተሩ በአንድ በኩል፣ ልጁ በሌላ በኩል አቧራው ውስጥ ገቡ።)

ኸይሩ፦ ውይ ልጁን! (አንገቱ ላይ የነበረውን ፊሽካ ወርውሮ መሀል መንገድ ገባ) ካኢ አብዱልጀባር፣ ካኢ! ተነሳ! ኸረ ውሃ! ሰው የለም እንዴ? ውሃ!

ሙጂብ፦ (ከመስመሩ ሳይነቃነቅ፣ ባንዲራውን ከራሱ በላይ እያውለበለበ) ኸይሩ፣ ከመንገዱ ውጣ! ሌላው እየመጣ ነው!

ኸይሩ፦ ሄልሜቱ አልወልቅ አለኝ!

ሙጂብ፦ ተወው! እጅህን ከልጁ ላይ አንሳ!

(ሁለተኛው ሞተረኛ ባንዲራውን አይቶ ፍሬን ያዘ፤ ከኸይሩ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።)

ሙጂብ፦ (ባንዲራውን ሳያወርድ) ተንቀሳቀሰ?

ኸይሩ፦ ተንቀሳቀሰ። "ልቀቀኝ" ብሎ እጄን መታኝ።

ሙጂብ፦ አልሐምዱሊላህ። ሐኪም እስኪመጣ እንደተኛ ይቆይ።

ኸይሩ፦ አንተ... ወንድምህ እኮ ነው። እንዴት ቻልክ?

ሙጂብ፦ ወንድሜ ስለሆነ ነዋ። ከኋላው የሚመጣውን ማን ያቁምልኝ?

(ሙጂብ ሌላ ሞተር ይመጣ እንደሆነ መንገዱን ያያል።)

ኸይሩ፦ (አቧራውን እያራገፈ) እኔ እኮ አልሄድኩም፣ ወላሂ። እግሬ ነው የሄደው።

ሙጂብ፦ አብሽር።

ኸይሩ፦ እሺ፣ ኩርባው ያንተ ነው። እኔስ ነገ የት ልቁም?

ሙጂብ፦ ከገመዱ ወዲያ፣ ከተመልካቹ ጋር።

ኸይሩ፦ እግሬ ገመዱን ቢዘልስ?

ሙጂብ፦ ሚስትህን አሻን አጠገብህ አስቀምጣታለሁ። እሷ "ቁጭ በል" ስትልህ ተነስተህ አታውቅም።