እመት እጠብቃለሁ እና የኋለኛው ክፍል ሰንሰለት

ደጅ ጠኚ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በየትኛውም ቢሮ መተላለፊያ ብትገቡ፣ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ የአለቃውን በር በዐይኗ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት አትጠፋም። ጥበቃው ከሩቅ ሲያያት በረጅሙ ይተነፍሳል። ጸሐፊዋ ያልጮኸ ስልክ ታነሳለች። አለቃው የኋላ በር ካለው በኋላ በር ይወጣል፤ ከሌለው ደግሞ ያሠራል። አብዛኞቹ በሁለተኛው ሳምንት ታክቷቸው ይቀራሉ። የማይቀሩት ግን፣ እግዜር ያውጣችሁ፣ ወንበሩ ያረጃል እንጂ እነሱ አያረጁም።

የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ የኋለኛው ክፍል ዋና አስታማሚ፣ የእነዚህ ሁሉ ንግሥት ክብርት ልብስ ሰፊዋ ናቸው ብሎ ይምላል። እሱ ቢምል አይፈረድበትም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዐይኑ አይቷቸዋል።

ዋና አስታማሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ከሁሉ በፊት ይታወቅለት። በሆስፒታሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ማን ጨለማ እንደሚፈራ፣ ማን በማንኪያ ካልጎረሰ እንደማይበላ፣ ማንን ከጀርባው መቅረብ እንደማይገባ ያውቃል። የመጨረሻውን ያወቀው በአፍንጫው ነው፤ አንድ በሽተኛ በቡጢ ብሎት እስከ ዛሬ ወደ ግራ እንደተጣመመ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ አርባ አንድ ወንዶች ነበሩ። ከእነሱ አሥራ ስምንቱ በቁርጭምጭሚታቸው ከአልጋቸው ጋር በሰንሰለት ታስረዋል። ሰንሰለቱን እሱ አላመጣውም። ሥራ የጀመረ ዕለት ከቁልፉ፣ ከባልዲውና ከነጭ ጋዋኑ ጋር ፈርሞ ተረከበው። ሰው የቤቱን ግድግዳ እያየ ስለ ግድግዳው እንደማያስብ፣ እሱም ስለ ሰንሰለቱ አስቦ አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ የመጡት ለሦስት ቀን ሥራ ነው። አንሶላው ሁሉ ተቀዶ ስለነበር ሆስፒታሉ ጠራቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ዕቃ ቤት ውስጥ ሲያስቀምጧቸው፣ «እዚህ መርፌዬ አይታየኝም» ብለው የስፌት መኪናቸውን አሸክመው ብርሃን ያለበት መስኮት ፍለጋ ዞሩ። ያገኙት መስኮት የኋለኛው ክፍል መስኮት ሆነ።

ግማሽ ቀን ድምፃቸውን አጥፍተው ሰፉ። ከዚያ የመኪናው መዘውር ቆመ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

«አሟቸው ነዋ፣ እትዬ።»

«መታመማቸውንማ አየሁ። እኔ የምጠይቅህ ምን አድርገው እንደታሰሩ ነው።»

«እርስዎ አንሶላዎን ይስፉ» አላቸው።

ሰፉ። ሦስቱን ቀን አንሶላቸውን ሰፍተው ጨረሱ። በአራተኛው ቀን ማንም ሳይጠራቸው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ የዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ዳይሬክተሩን።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ግዴለም፣ እጠብቃለሁ።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ከከተማ ወጥተዋል ተባለ። «ግዴለም፣ እጠብቃለሁ።» በሳምንቱ አሟቸዋል ተባለ። «ይማራቸው። እጠብቃለሁ።» ጸሐፊዋ ምክንያት ቢያልቅባት አንድ ቀን ዳይሬክተሩን ሐዘን ላይ አስቀመጠቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ማን እንደሞተ ጠይቀው፣ ከንፈራቸውን መጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቁ። «እመት እጠብቃለሁ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። ጥበቃው ሰዓቱን በእሳቸው መምጣት ያስተካክል ነበር ይባላል። ዳይሬክተሩ በመስኮት መውጣት ለምደው ሆዳቸው ቀነሰ የሚሉም አሉ። ይህን የሚያወሩት የወጥ ቤት ሠራተኞች ስለሆኑ ግማሹን ብቻ እመኑ።

ሲጠብቁ እጃቸው ሥራ አይፈታም። የሚያልፈውን ሁሉ አስቁመው፣ «ና ወዲህ፣ ቁልፍህ ሊወድቅ ነው» እያሉ የጋዋን ቁልፍ ይተክላሉ። ዓመት ሳይሞላ በሆስፒታሉ ውስጥ ከክራቸው ያመለጠ ሰው አልተገኘም። በሐሜት ሲያነሷቸው የሚውሉት እንኳ የሚያሟቸው በእሳቸው ስፌት ተቆልፈው ነው። ዋና አስታማሚው ብቻ የጋዋኑ ቁልፍ እየተንጠለጠለ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋቸዋል። ቆሽቱን ያሳረሩት ነገር ቢኖር በየሳምንቱ ወደ ክፍሉ ብቅ ብለው እያንዳንዱን በሽተኛ «እንዴት አደርክ?» ማለታቸው ነው። በሃያ ሁለት ዓመት እሱን ራሱን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

እርግጥ አንድ ነገር ይጠረጥር ነበር። ያለ ምክንያት እንዲህ ደጅ የሚጠና ሰው አለ? ወንድም ወይም ልጅ አላቸው ብሎ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። ምንም የለም። አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ቆመና ፊት ለፊት ጠየቃቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ እትዬ፣ እዚህ ቤት ማን አለዎት?»

«አርባ አንድ ሰው» አሉት፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡ። «አንድ በአንድ ልቁጠርልህ?»

ቆጠሩለት። አናጢው፣ ፖስተኛው፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ቀኑን ሙሉ የሚስቱን ስም የሚጠራው ዳቦ ጋጋሪ። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማንን ማን አምጥቶ እንደጣለው ሁሉ ያውቃሉ። እሱ ያላወቃቸውን ስድስት ነገሮች ነገሩት። ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ሰጡ። ሰው ሁሉ «ክቡር ዳይሬክተር» የሚላቸውን ሰውዬ ልብስ ሰፊዋ «ልጄ» ነው ያሉት።

«ልጄ፣ ሁሉንም ፍታ አላልኩህም። አንዱን ብቻ ለሦስት ወር ፍታልኝ።»

ዳይሬክተሩ ለመገላገል ሲሉ ተስማሙ። የሚፈታውን ሰው ግን ዋና አስታማሚው ይምረጥ አሉ። እሱም መረጠ። ዛሬ ሲያወራው አንገቱን ይደፋል፦ የመረጠው አናጢውን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የታሰረውን፣ አፍንጫውን ያጣመመለትን። ነገሩ በአንድ ቀን ተበላሽቶ ሴትዮዋ እንዲቀሩለት ፈልጎ ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በገዛ እጁ ፈታው። ሦስት አስታማሚዎች ከጀርባው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ አጠገብ ናቸው።

አናጢው ተነሣ። አራት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ከፊቱ ግድግዳ የለ፣ ሰው የለ። ዞረና አራት እርምጃ ተመለሰ። እንደገና አራት ሄደ፤ እንደገና ቆመ። ዋና አስታማሚው መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እግሩ ግን አሁንም ርዝመቱን ያውቀዋል።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብለው መጡና አምስተኛው እርምጃ የሚያርፍበት ቦታ አጠገብ ቆሙ።

«ና እስቲ፣ አንድ ጨምርልኝ» አሉት።

አናጢው እግሩን አየ። እሳቸውን አየ። ከዚያ ዞሮ ዋና አስታማሚውን አየው፤ ልጅ አባቱን ፈቃድ እንደሚጠይቅ። ዋና አስታማሚው «ሂድ» ብሎ ራሱን ነቀነቀለት።

አምስተኛው እርምጃ ተረገጠ። ስድስተኛውን ጨመረ። መስኮቱ ድረስ ለመድረስ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀበት። ልብስ ሰፊዋ በእያንዳንዷ እርምጃ አንድ አንድ እያፈገፈጉ ቆመው ጠበቁት። ሲደርስ መዳፉን የመስኮቱ ጣውላ ላይ አሳረፈ፣ በጣቱ ዳበሰው፣ ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ።

«ይሄን መስኮት የሠራው ማን ነው? ተጣሟል እኮ!»

ሦስቱም አስታማሚዎች ፈነዱ፤ ሳቅም ነው፣ ሌላም ነው። ዋና አስታማሚው ወደ ግድግዳው ዞሮ ጋዋኑን የሚያስተካክል መሰለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ ብትሉ ተሳስታችኋል። በዓመቱ አምስት ሰዎች ተፈቱ። አምስተኛው ፖስተኛው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ጠባቂው ሲያንቀላፋ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የወረቀት ክምር አንሥቶ ወጣ። ሲያገኙት ሰፈሩ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ፣ በር እያንኳኳ፣ ሰላምታ እየሰጠ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ያድላል። ማንንም አልነካም። ከተማው ግን ታመሰ። «እብዶቹን ለቀቋቸው!» ተባለ። የሆስፒታሉ ቦርድ በአስቸኳይ ተጠራ፤ ውሳኔው ከስብሰባው በፊት የታወቀ ነበር፦ ሁሉም ወደ ሰንሰለቱ ይመለሱ።

ዋና አስታማሚው ለምስክርነት ተጠርቶ ሲገባ ልብስ ሰፊዋን ተቀምጠው አገኛቸው። እንዴት እንደገቡ ማንም አያውቅም። ከቦርሳቸው አንድ ሰንሰለት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ።

«ስብሰባችሁን አልረብሽም» አሉ። «እስኪያልቅ ድረስ ግን አንዳችሁ ይሄን አድርጉልኝ።»

የቦርዱ ሰብሳቢ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። «እንዴ! እኔ አለሁ አይደል!» ብለው እየሳቁ እግራቸውን ዘረጉ። ዋና አስታማሚው ከጠረጴዛው እግር ጋር ቆለፋቸውና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሁሉም ሳቁ። ስብሰባው ቀጠለ። ስለ ጥበቃ፣ ስለ ከተማው ሰላም፣ ስለ ሠራተኛ እጥረት አንድ ሰዓት ተኩል ተወራ። ሰብሳቢው መጀመሪያ እግራቸውን አቀያየሩ። ከዚያ ወንበራቸውን አንቀሳቀሱ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው፣ «ወንድም፣ ክፈትልኝ እስቲ፤ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አሉ።

ዋና አስታማሚው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ልብስ ሰፊዋን አየ። እሳቸው እጃቸውን እንኳ አላነሱም። የሚናገረውን ነገር ማን እንዳቀበለው ዛሬም አያውቅም።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ፣ «በክፍላችን ደንብ ሰንሰለት ለሽንት ተብሎ አይፈታም። ለሱ ባልዲ አለ።»

የዳይሬክተሩ ፊት አመድ መሰለ። ዋና አስታማሚው ሥራው ባፍንጫው ሲወጣ ታየው፤ በተጣመመው አፍንጫው። ቢሆንም ቁልፉን ሳያወጣ ቆመ። አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ተንበርክኮ ፈታቸው።

ሰብሳቢው አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። ቁርጭምጭሚታቸውን እያሹ ጠየቁት።

«መጀመሪያ የተፈታው አናጢ ስንት ዓመት ታስሮ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«ከሁሉ የቆየውስ?»

«አሥራ አራት ዓመት፣ ጌታዬ።»

የዚያን ቀን ውሳኔ ተገለበጠ። ተጨማሪ አስታማሚ ይቀጠር፣ ደጃፉ ደህና ጠባቂ ያግኝ፣ ሰንሰለቱ ሁሉ በዓመት ውስጥ ይነሣ ተባለ። በዓመት አልተነሣም፤ ሦስት ዓመት ፈጀ። በየወሩ የት ደረሰ ብለው ሲጠይቁ የኖሩት ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። የመጨረሻውን ሰንሰለት ዋና አስታማሚው አወለቀ፣ አናጢው የክፍሉን መስኮቶች ሁሉ አቃና፣ ፖስተኛው ደግሞ በደንብ ተፈቅዶለት ከቢሮ ወደ ቢሮ ደብዳቤ አመላላሽ ሆነ። አንድም ወረቀት አልጠፋም።

ዋና አስታማሚው አሁንስ ያርፋሉ ብሎ አሰበ። አላረፉም። በአውቶብስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ሠላሳ የታመሙ ሴቶች በገመድ ታስረው የሚኖሩበት ቤት እንዳለ ሰምተው ነበር። ቅዳሜ ሊሄዱ ነው ተባለ።

አርብ ማታ እራት ላይ ለሚስቱ የዓመት ፈቃዱን እንደወሰደ ነገራት።

«ያቺን ሴትዮ ስድስት ዓመት ስትረግም አልነበር እንዴ የከረምከው?» አለችው።

«ረግሜያታለሁ» አለ። «ታዲያ ብቻዋን ትሂድ ነው የምትይው?»

ጠዋት መናኸሪያው ላይ ልብስ ሰፊዋ አገኙት። ከላይ እስከ ታች አዩት፣ የሸሚዙን የተንጠለጠለ ቁልፍ ያዙና ቆሞ ሳለ ተከሉለት። አውቶብሱ ከከተማው እንደወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ራሳቸው ትከሻው ላይ ወደቀ። ቀላል ነበር፤ ይህ ሁሉ ነገር እዚህ ራስ ውስጥ እንዴት ገባ ብሎ ተገረመ። ላለማነቃነቅ ትንፋሹን እንኳ ቀነሰ።

ከፊቱ የተቀመጠች መንገደኛ ዞር ብላ አየቻቸው።

«እናትህ ናቸው?»

«አለቃዬ ናቸው» አለ፤ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ እንዳያርፍም መጋረጃውን ቀስ አድርጎ ሳበው።