በጋቢ የተሸፈነች ጀልባ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የተረተው ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል፤ ጠርጥሮም የሚመነጠር አለ። እንዲያውም ከልክ ያለፈ ጠርጣራ መንጣሪውን ራሱ ጠርቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። ይህን ቁም ነገር ያገኘሁት በረጅሙ የማስተማር ዘመኔ ነው። የለም፣ ላርመው፤ በማስተማር ዘመኔ ያገኘሁት የጉሮሮ ሕመም ብቻ ነው። ይህን ያስተማረችኝ የወዳጄ የጌታነህ የጎማ ጀልባ ናት።

ጌታነህ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣ ባለታክሲ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሰው ከኋላው ተቀምጦ «በዚህ ግባ፣ በዚያ ውጣ» ሲለው ስለኖረ፣ ለእርጅናው የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም የማይደርስበት ውሃ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ማጥመድ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሐይቅ አግኝቶ ነበር። ለአንድ የዕድር ጓደኛው፣ ለአንድ ብቻ፣ ነገረው። በሳምንቱ የሐይቁ ዳር የሥጋ መጥበሻ በመጥበሻ ሆነ፤ ኳስ ተጠለዘ፤ ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ የማን እንደሆነች ያልታወቀች ሕፃን ልደቷ ተከበረላት። ዓሦቹ ወዴት እንደተሰደዱ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሐይቅ ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ሲያገኝ ምሎ ተገዝቶ ደበቀው። መኪና የማይገባበት፣ በእግር ብቻ የሚደረስበት ነው። ጀልባዋን የሚያግዘው ሰው ሲያስፈልገው እኔን መረጠ። መምህር በመሆኔ የታመንኩ መስሎኝ ኮራሁ። የኋላ ኋላ እንደተረዳሁት ግን የተመረጥኩት መንገድ በፍጹም የማይዘልቀኝ ሰው በመሆኔ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቼ እዚያው ጎረቤት ታኮማ ፓርክ የምጠፋ ሰው ምን ምሥጢር ያወጣል?

ያን ቅዳሜ ገና መኪናው ውስጥ ሳልደላደል ስልኬን እንዳጠፋ ታዘዝኩ። መንገድ እንደጀመርን ዐይኑን ከኋላ መመልከቻው አልነቅል አለ። «መምህር፣ ያቺ ብርማ መኪና ፎሎ እያደረገችን ነው» አለኝ። እንድታልፈን ብሎ ነዳጅ ማደያ ገባ፤ ብርማዋም ተከትላን ገባች። ጌታነህ ላብ አጠመቀው። ከመኪናዋ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ወርደው ነዳጃቸውን ቀድተው ሄዱ። «አየህ፣ አስመስለው ነው» አለኝ።

ተራራው ሥር ደርሰን ፓርክ ካደረግን በኋላ ጀልባዋን እዚያው መንፋት ጀመረ። ሐይቁ ዳር ደርሰን ብንነፋት አይሻልም ወይ ብዬ በትሕትና ጠየቅኩ። መንፊያው ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው እንደሆነና መኪናውን ተሸክመን መውጣት እንደማንችል በተመሳሳይ ትሕትና አስረዳኝ። በእግር የሚረገጥ መንፊያ መግዛት ይቻል ነበር? ይቻል ነበር። ነገር ግን ሻጩ ሐበሻ ነበርና «ለየትኛው ሐይቅ ነው?» ቢለውስ ብሎ ሰግቶ ተወው።

ጀልባዋ ተነፍታ አንድ ረዘም ያለ ሰው አከለች፤ ቀለሟም ከሩቅ የሚጣራ ብርቱካናማ ሆነ። ጌታነህ ደነገጠ። «ጀልባ ያየ ሰው ውሃ አለ ይላል» አለና ከመኪናው ጋቢ አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈናት። ከሥሯ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አስገብቶ በገመድ ጠፈራት፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ትከሻችን ላይ አዋልናት። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ይቅርታ፣ ጠርጥሬ ነበር፤ ምን እንደጠረጠርኩ ግን አልገባኝም። ነገሩ አንድ የማውቀውን ነገር ይመስላል።

ክብደቷ ያን ያህል አልነበረም፤ ያስቸገረን ነፋሱ ነው። በነፈሰ ቁጥር ከነጋቢዋ ሽቅብ ትነሣለች፤ እኛ ደግሞ ቁልቁል እንጎትታታለን። ውሻ የምታንሸራሽር አንዲት ሴት ይህን አይታ ከመንገድ ወጣች፤ ውሻው ግን አልወጣም፤ ጋቢውን እያሸተተ አላዘነብን። «ፖሊስ ኮል ሳታደርግ እንፍጠን» አለኝ ጌታነህ። ልባችን እስኪፈነዳ ፈጠንን። ሁለት ሽማግሌዎች የተሸፈነ ነገር ተሸክመው ሲሮጡ ጥርጣሬ ይቀንሳል ብሎ ያሰበው ማን እንደሆነ አልናገርም።

ኩርባውን እንደዞርን ከላይ የሚወርዱ ሰዎች ፊት ለፊት ተገጣጠሙን፤ ከዊተን የመጡ፣ ሁሉም ሐበሾች የሆኑ የእግር ጉዞ ማኅበርተኞች! ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ጠባብ መገንጠያ ልብ ሳይሉት አልፈው እየተመለሱ ነው። እኛን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። የማኅበሩ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ላብ ለመጥረጊያ አንገታቸው ላይ ጣል ያደረጓትን ነጠላ ዘቅዝቀው ለበሱና «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

በእኛ ወግ ቃሬዛ ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጀምርም። አስቀድሞ ይሸከማል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል፤ የሟቹን ስም የሚጠይቀው ንፍሮ ሲቀርብ ነው። ጎልማሶቹም «አባባ፣ ደክመዋል፣ ለእኛ ይተዉልን» እያሉ እንጨቶቹን ከትከሻችን ወሰዱ። ጌታነህ እውነቱን መናገር ይችል ነበር፤ ግን ጀልባ ነው ካለ ቀጣዩ ጥያቄ «የት?» የሚል ነው። «ቃል እንዳይወጣህ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ትንሽ ሸኝተው ይመለሳሉ።» ለመሆኑ መቃብር ሳይደርስ የተመለሰ ሐበሻ አይቶ ያውቃል?

ከተሸካሚዎቹ አንዱ «እንዴት ቀለሉ በናታችሁ!» አለ። «ጨርሷቸው ነዋ! ይሄ ክፉ በሽታ ምን ያስቀራል?» ብለው ወይዘሮ ጥሩነሽ ለቅሷቸውን አደሱ። አንድ ባለመነጽር ግን ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። በዚህ ጫካ ውስጥ መቅበር ተፈቅዶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። «ኑዛዜያቸው ይሆናላ! አንተ ደግሞ በሰው ሐዘን ላይ መርማሪ አትሁን» ተብሎ ተገሠጸ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ ተከተልኩ፤ ያየኝ ሁሉ የቅርብ ዘመድ መስዬው አጽናናኝ።

ሐይቁ ዳር ደረስን። ወይዘሮ ጥሩነሽ ዞር ዞር ብለው «ጉድጓዱ የታል? ቄሱስ?» አሉ። በዚህ መካከል ነፋሱ መጣና ጋቢውን ገፎ ወሰደው። ብርቱካናማው ቀለም ፀሐይ ላይ አበራ። ባለመነጽሩ «ተነፍተው ነው የሞቱት» ሲል ማኅበሩ በሳቅ ወደቀ።

«ለጎማ ነው እንባዬን ያፈሰስኩት?» ብለው ወይዘሮ ጥሩነሽ በጌታነህ ላይ ተነሡበት። ሊቀጥሉ ሲሉ ግን ቀና አሉና ውሃውን አዩት። «ውይ! ይህን የመሰለ ነገር ደብቃችሁ ነው?»

ጌታነህ ከዚያ በኋላ ያልለመነበት ቃል፣ ያልጠራው ታቦት የለም። በታክሲ የኖረበትን ዘመን፣ የፊተኛውን ሐይቅ ዕጣ ሁሉ ነገራቸው። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ አዘኑለት፤ አንድ በአንድም ለማንም ትንፍሽ ላይሉ ማሉለት።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጋቢውን ትተን፣ ጀልባዋን ይዘን ተመለስን። ከተራራው ሥር መኪና ማቆሚያ ጠፋ። ከላይ ስንደርስ ሐይቁ ዳር የዕድር ድንኳን ተተክሏል፤ ጭሱ ይትጎለጎላል። ወይዘሮ ጥሩነሽ በፈገግታ ተቀበሉንና ዛሬ ሠልስቱ መሆኑን አበሠሩን። እዚህ አገር ሠልስት ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው፤ በሥራ ቀን ማን ፈቃድ ያገኛል? «ደግሞ መሐላችንን አላፈረስንም» አሉ። «ለማንም አልተናገርን፤ የጠራነው ለቀብሩ መድረስ ያልቻሉትን ብቻ ነው።»

ጌታነህ ጀልባዋን መሬት አኑሮ ላይዋ ላይ ተቀመጠ። ቀልዱ ያልደረሳቸው አንድ አዛውንት ፊቱን አይተው ጎንበስ አሉና ትከሻውን ዳበስ እያደረጉ «እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ፤ ለሟቹ ምናቸው ነህ?» አሉት።

ጌታነህ ሕፃናት ድንጋይ የሚወረውሩበትን ውሃ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣

«ብቸኛ ዘመዱ ነበርኩ» አለ።