የሁለተኛው ካንዴላ ውሃ

ሰው የሚፈራው ጨለማን ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው መኪና አልነበረውም። እኔ በምኖርባት በመካነ ኢየሱስ ከተማ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ከገዛሁ ወዲህ የሚያስፈራኝ መብራት ነው፤ ያውም ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምስል ይዛ ቢጫ የምትበራዋ። ሞተሩ ታሟል ማለቷ ነው፤ ምን እንዳመመው ግን አትናገርም።

መኪናዋን የገዛሁት ለኩራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለኩራትም ነው። ዋናው ግን የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣነው ባለቤቴን ደብረ ታቦር የሚያደርስ መኪና ስንለምን ውለን ነው። እንደገና ስታረግዝ ሁለተኛ የሰው መኪና ደጅ አልጠናም ብዬ ማልሁ። ወሯ ሲገባ አማቴ እትዬ ጥሩ ልጃቸውን ሊያርሱ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም መጡ። ቢጫዋም በዚያው ሰሞን በራች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማችሁም?

ደግነቱ እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። ከባሕር ዳር የክብሪት ቀፎ የምታህል ማንበቢያ ገዝቻለሁ። ከመሪው ስር ትሰካለች፤ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ስታዞሩ የመኪናው በሽታ ስልካችሁ ላይ ተጽፎ ይመጣል። እንዲህ ፈጥኖ የሚናዘዝ ክርስቲያን አላየሁም። ሁለተኛው ሲሊንደር በቅጡ አይቀጣጠልም አለችኝ። «አጥፋ» የሚለውን ነካሁ፤ ቢጫዋ ጠፋች። ምን እንደበደለ ሳልመረምር ይቅር አልሁት ማለት ነው።

በማግስቱ በርታ ጠበቀችኝ። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከፍቼ ባይ እሳት የሚጭረው ሁለተኛው ካንዴላ የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ተኝቷል። የካቲት ነው፤ ደመና የለ፣ ጤዛ የለ። የሌሎቹ ካንዴላዎች ጉድጓድ ደረቅ ነው። ውሃውን በጨርቅ አደረቅሁ፣ መብራቷን አጠፋሁ፣ መኪናውን ቆለፍሁ። ኮፈኑ የሚከፈተው ከውስጥ፣ ከሹፌሩ እግር አጠገብ ባለች ማንሻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ትራሴ ስር አደረ። ጠዋት ግን ውሃው ተመልሷል፤ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ለባለቤቴም አልነገርኋት። ምጥ ለተቃረበች ሴት መኪናችን ውሃ ያፈልቃል ብሎ የሚያወራ ባል አለ?

በነጋታው ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ በመስኮት ባይ አንድ ነጭ ነገር መኪናውን ይዞራል። ኮቴ የለውም። ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ደግሞ ይሄዳል።  ፊቱን ሲያዞር ግን አማቴ ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጆግ ይዘው። እፎይ አልሁ። ለብቻዬም ሳቅሁ።

ቁርስ ላይ በአክብሮት ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ከቤተ ልሔም ያመጡት ጠበል ነው፤ ልጃቸው የምትሳፈርበትን ነገር እንዲሁ ባዶውን አይተዉትም። እኔም ጠበሉን እንደማከብር፣ ካንዴላ ግን ውሃ ሲነካው እንደሚያኮርፍ አስረዳኋቸው። እባክዎን ኮፈኑን አይክፈቱት አልሁ።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ምኑን ነው የምከፍተው ልጄ? እኔ የረጨሁት ጎማውን ነው» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውስጡም ገብቷል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ገብቷል አልኋቸው። ይባስ ብሎ እሳቸው አልደነገጡም፤ ፈገግ ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ መብራቷን ማጥፋቱን ተውሁት። ምጡ ሲመጣ ቢጫዋ እንደበራች፣ ሞተሩ እየተንዘፈዘፈ፣ አማቴ ልጃቸውን ከኋላ ደግፈው ደብረ ታቦር ገባን። የመንገዱን ዳገት እንዴት እንደወጣነው አትጠይቁኝ፤ አንዱ ሲሊንደር የማይሠራ ሞተር ያን ዳገት አይወጣም። ልጄ በሰላም ተወለደች። ስንመለስ ቢጫዋ ማንም ሳይነካት ጠፍታለች፤ ካንዴላውም ደርቋል። አማቴ ልጅቱን ክርስትና አስነስተው፣ ጆጋቸውን ይዘው ጋይንት ገቡ።

ሁለት ዓመት በሰላም ነዳሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ቁልፉን ባዞር ቢጫዋ በራች። ኮፈኑን ከፈትሁ። ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ። ጋይንት ደወልሁ፤ የአማቴ ድምፅ እንዲሰማኝም ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት። ምናልባት ሳንሰማ መጥተው ይሆን ብዬ ሁሉ ጠየቅኋቸው። እግራቸውን ከደጃቸው አላነሡም። ውሃው መመለሱን ስነግራቸው፣ «ስንት ወሯ ነው?» አሉ።

ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬን ማን ነገራት?» አለች። «ለአንተም እኮ ገና አልነገርሁህም።»